ከካራጅ ክር በታች

በዳሰራ በዓል ቀን በህንዷ ሚራጅ ከተማ ውስጥ መሣሪያ የሚያነሣ ሰው አይገኝም። መዶሻውም፣ ካቻቢቴውም፣ የጸጉር አስተካካዩ መቀስም ጠዋት ታጥቦ በጨርቅ ላይ ይደረደራል፤ ኩምኩም የሚሉት ቀይ ዱቄት ይቀባል፣ ቢጫ አበባ ይደረግለታል፣ እጅ ይነሣለታል፣ ከዚያ እስከ ማግስቱ ያርፋል። ዓመቱን ሙሉ ሲያበላ የከረመ ነገር አንድ ቀን ቢያርፍ የሚቀየመው የለም። ኢንስፔክተር ካሊንዲ ራውትም የጣቢያውን ሽጉጦች ኩምኩም ቀብታ፣ ቆልፋባቸው ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትል ኮንስታብል ፓቶሌ በሩ ላይ ቆመ።

«ማዳም፣ ከታንፑራ ሠሪዎቹ ሰፈር ሃልቤ ካካ ሞተዋል። ኤሌክትሪክ ነው አሉ።»

ካሊንዲ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ናት። የጣቢያው ወንበር ሁሉ ሲያረጅ የእሷ ብቻ እንደ ተገዛ አለ እያሉ ያሟታል። ስታስብ ትሄዳለች፣ ስትበላ ትቆማለች፣ የሰው ቃል ስትቀበልም ክፍሉን ትዞራለች። ያን ቀንም ፓቶሌ ሞተር ብስክሌቱን እስኪያስነሣ አልጠበቀችም፤ በእግሯ ቀደመችው።

ሰፈሩ ሁሉ ካካ፣ አጎቴ የሚላቸው ሽማግሌ፣ የሽዋንት ሃልቤ፣ በሥራ ክፍላቸው የድንጋይ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለዋል። እግራቸው ባዶ ነው፤ ወለሉ በበዓሉ ውሃ ርሷል፤ በቀኝ እጃቸው ጣቶች መካከል የቢጫ አበባ ቅጠል ተጣብቆ ቀርቷል። ጠረጴዛው ላይ አዲሱ ሣጥናቸው አለ፤ ስፒናው ተነቅሏል። የሃልቤን ሣጥን የማያውቅ ዘፋኝ በዚያ አገር የለም። ታንፑራ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚደረድር ሰው ከኋላ ተቀምጦ ዜማውን ከሥር እንዲይዝ ማድረግ ሲቸግር፣ ይህ የብረት ሣጥን ያንኑ ድምፅ ሳይደክመው ይሰጣል። ከሣጥኑ ጎን የኩምኩም ሳህን ተቀምጧል፤ ዱቄቱ ላይ ጣት አላረፈበትም።

ግድግዳው ሥር፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ የሥራ ክፍሉ መሣሪያዎች ተደርድረዋል፤ ካቻቢቴዎች፣ ፒንሳ፣ መበየጃ። ከጫፍ ደግሞ ገና ከላስቲካቸው ያልወጡ ሁለት ትንንሽ ሰማያዊ በርሜል መሳይ ነገሮች አሉ፤ እነሱም ኩምኩም ተቀብተው አበባ ለብሰዋል። ፓቶሌ ባትሪ ናቸው አላት። ካሊንዲ አላመነችውም፣ ግን የተሻለ መልስም አልነበራትም።

ሃልቤ ሲሞቱ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዷ ልጃቸው ሙግዳ ናት፤ የሣጥኖቹን ሽቦ ሁሉ የምትሠራ፣ አባቷ ከወንድ ልጅ በላይ የሚመኩባት። ሁለተኛው ኒናድ ነው፣ የወንድማቸው ልጅ፤ የድርጅቱ ግማሽ ከአባቱ የደረሰው፣ ከፑኔ ከተማ የመጣ ለስላሳ ሰው። ሦስተኛዋ ዘፋኟ ሻራዩ ባይ ናቸው፤ የሃልቤን ሣጥን ሃያ ዓመት ሲረግሙ ኖረው፣ ለበዓል ግን ከቤታቸው የማይጠፉ።

ሙግዳ ግድግዳውን ተደግፋ እጆቿን እያየች ተቀምጣ ነበር።

«ሽቦውን ትናንት ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሲሞቱ ስሜን ነው የጠሩት። አንድ ጊዜ፣ ሙግዳ ብለው። ሮጬ ስገባ ወድቀዋል። ያደረግሽኝን እይ ማለታቸው ነው።»

የሰው ልጅ አባቱን ሲያጣ ማልቀስ አለበት፤ ይቺ ልጅ ግን ለማልቀስም ራሷን አልፈቀደችም።

በማግስቱ ከወረዳ የተላከ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ሣጥኑን በራሱ ካቻቢቴ ከፍቶ አይቶ ሁለት ነገር ተናገረ። ከብረቱ ጋር ታስሮ አደጋን ወደ ምድር የሚያወርደው የመሬት ሽቦ ከብሎኑ ተፈቷል። ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ ደግሞ ከራሱ ብሎን ሾልኮ የሣጥኑን ብረት ነክቷል። የመጀመሪያውን ሽማግሌው ራሳቸው ፈትተውታል፣ ሁለተኛውን ልጅቷ በደንብ አላጠበቀችም አለ፤ ሄደ። የካሊንዲ አለቃ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ሙግዳን ክሰሻት፣ ከሳምንቱ መጨረሻ እንዳያልፍ፣ አላት።

«ሽማግሌው ለምን ይፈቱታል?» ብላ ኒናድን ጠየቀችው። እየዞረች ነበር፤ እሱ በዓይኑ ይከተላታል።

«ሣጥኑ ያጉረመርም ነበር ማዳም። እምምም የሚል ጉምጉምታ። ካካን እንቅልፍ ነሥቷቸው ነበር። መድረክ ላይ ድምፅ የሚያቀናጁት ልጆች ሁሉ መላውን ያውቁታል፤ የመሬቱን ሽቦ ስትፈቺው ዝም ይላል። ለተቆጣጣሪውም ይህንኑ ነግሬዋለሁ።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሙግዳን አትጨክኑባት። ልጅ ናት፣ ስታስር እጇ ስቶ ይሆናል።»

አዛኝ ቅቤ አንጓች ይላል የኛ ሰው። ካሊንዲ ግን ያኔ ገና አልጠረጠረችውም፤ እንዲያውም ጨዋ ነው ብላ አመሰገነችው። ከበዓሉ ጸሎት በኋላ የት እንደ ነበረ ስትጠይቀው ጣሪያ ላይ ሆኖ በስልክ ሲያወራ እንደ ነበር ነገራት። ሃልቤ ደግሞ ለመባረክ መልካም ነው የሚባለው የከሰዓት በኋላ ሰዓት እስኪደርስ ጋደም ብለው ነበር፤ ያ ሰዓት ሲደርስ አዲሱን ሣጥን አብርተው፣ እያዜመ ሳለ አበባ ሊያደርጉለት። በዚያ ቤት ደንቡ እንዲህ ነው፤ መሣሪያ የሚባረከው እየተናገረ ነው።

ሻራዩ ባይ ደግሞ ጠባቸውን አልደበቁም።

«ቆርቆሮ ነው ብዬዋለሁ፤ በፊቱም ብዬዋለሁ። ታንፑራ ደርዳሪዎቹን ሥራ አስፈታቸው። ግን ሰውየው ጆሮ ነበረው ልጄ፤ ጆሮ ያለው ሰው አይገደልም፣ ይሰደባል እንጂ። እኔና ሙግዳ ከምሳ በኋላ ፊት ለፊት ክፍል ተቀምጠን ታንፑራዬን ስናቃና ነበር። ለአፍታም አልተለያየንም።»

«ሊሞቱ ሲሉ ምን ሰማችሁ?»

«ሣጥኑ በራ። ከዚያ ሙግዳ ሲል ሰማን። ከዚያ ወደቀ።»

ካሊንዲ ቤቷ ገባች፣ ግን ዕረፍት አልነበራትም። ማቀዝቀዣዋ ያጉረመርማል። ውጭ ያለው ትራንስፎርመር ያጉረመርማል። ዕድሜዋን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ኖረው አሁን ነው የሰማቻቸው። ራቷን ቆማ ጀምራ ሳትጨርስ ተወችው። እሑድ ሳይመጣ የዚያችን ልጅ ስም በክስ ላይ መጻፍ አለባት፤ ሙግዳ ደግሞ ልትከራከር ቀርቶ ልትፈርም ተዘጋጅታለች።

ከኮሌጅ አንድ ወጣት የኮምፒውተር መምህር አስጠርታ ሣጥኑን አሳየችው። ልጁ ሐቀኛ ነበር፤ እኔ የማውቀው ቁጥር ከሆነ በኋላ ያለውን ነው፣ ይህ ገና ቁጥር ያልሆነ ድምፅና ኤሌክትሪክ ነው፣ ሳንግሊ ሄደሽ ታምቤን ጠይቂ አላት። ታምቤ ከሬዲዮ ጣቢያ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ስትደርስ ግቢያቸው ውስጥ አትክልት ያጠጣሉ። ስለ ሞቱ ነገረቻቸውና ጥያቄዋን አቀረበች፦ የሚያጉረመርም ሣጥን የመሬት ሽቦው ቢፈታ ዝም ይላል ወይ?

ታምቤ ውሃ ማጠጫውን አስያዟት።

«ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ያመኛል ብለሽ ዝም ትያለሽ?»

«አልልም።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጉምጉምታው ወፍራም ነው ቀጭን? ብረቱን ስትነኪው ይለወጣል? የሣጥኑ የሽቦ ሥዕል የታለ?»

«አላውቅም። ድምፅ ነው፣ ያጉረመርማል።»

«እንግዲህ ምኑን ልርዳሽ? ስሚኝ። የቤታችን ኤሌክትሪክ የራሱ ዜማ አለው፤ ወፍራም ነው። ከውጭ በብረቱ በኩል ሾልኮ ከገባ እንደ ወፈረ ይሰማሻል። ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ሲደረግ ግን ድምፁ እጥፍ ይሆናል። ያንን እጥፉን የሚያለሰልሰው ካፓሲተር የሚባል ትንሽ በርሜል ነው፤ ካፓሲተሩ ሲደክም ወይም ደካማ ሲገጠም የሚሰማው ቀጭኑ ነው፣ በአንድ ኦክታቭ ከፍ ያለው። የመሬት ሽቦ ብትፈቺ፣ ብታስሪ፣ ብትስሚው ቀጭኑን ምንም አታደርጊውም። ለሁለት በሽታ አንድ መድኃኒት የለም። መጀመሪያ የቱ እንደሆነ ጠይቀሽ ነይ።»

ካሊንዲ አፈረች። ሰው ሁሉ ጉምጉምታ ሲላት ጉምጉምታ ብላ ይዛ ስትሮጥ ነው የከረመችው። ማጠጫውን አስቀምጣ ልትወጣ ስትል ሽማግሌው ከኋላዋ ተናገሩ።

«ደግሞ በዚህ ወር ሁለተኛዋ ነሽ። አንድ ሰው ደውሎ ቃል በቃል ይህንኑ ጠየቀኝ። የቱ ጉምጉምታ ብዬ ብጠይቀው፣ ጉምጉምታ ያው ጉምጉምታ ነው ብሎ ዘጋብኝ።»

ካሊንዲ ቆመች። ያ ሰው ስሙን ተናግሮ እንደሆነ ጠየቀች። አልተናገረም፤ ቁጥሩ ግን ስልካቸው ውስጥ አለ።

ሚራጅ ስትመለስ በቀጥታ ሻራዩ ባይ ቤት ገባች፤ ሣጥኑ ከበዓሉ በፊት ሲያጉረመርም ድምፁ ወፍራም ነበር ወይስ ቀጭን ብላ ጠየቀች። ሴትዮዋ ተሳለቁባት። ታንፑራቸውን አቅፈው ካራጅ የሚባለውን የመጨረሻውን ወፍራም ክር መቱ፤ ጆሯቸውን ሰጥተው ክሩን ጥቂት አከረሩት፤ እንደገና መቱ።

«ይኸው። ከክሬ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እሱ ነበር የሚያናድደኝ። ሃልቤም፣ ሙግዳም፣ ይሄ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል።» ከዚያ ሳቃቸው ጠፋ። «የሞተ ቀን ግን ሌላ ነበር። ሣጥኑ ሲበራ ከካራጅ በታች ወረደ። ወፍራም። ከባድ መኪና በመንገድ ያለፈ መስሎኝ ነበር።»

«ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

ካሊንዲ የዚያን ክር ድምፅ በስልኳ ቀዳች፤ የመኪና ድምፅ ሲያልፍባትም እንደገና አስመታቻቸው። ከዚያ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄዳ ሣጥኑን በመስኮት ብርሃን አየችው። የኋላ ክዳኑን የያዘው ብሎን ጉድጓድ ውስጥ ቀይ ነገር አለ። ክዳኑን አስከፈተች፤ የመሬቱ ሽቦ ብሎን ላይም፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ብሎን ላይም ያው ቀይ። የነጭ መሐረቧን ጫፍ አሹላ አንዱን ጠረገችና መሐረቡን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ጨርቁ ላይ ከተደረደሩት ካቻቢቴዎች የአንዱ ጫፍ ብቻ ኩምኩሙ ተጠርጓል።

ቅዳሜ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ታምቤ ከሳንግሊ መጥተው ጥግ ተቀመጡ፤ ፓቶሌ በሩን ያዘ። ካሊንዲ እንደ ልማዷ ትዞራለች።

«ተቆጣጣሪው ሁለት ሰዎችን ከሰሰ» ብላ ጀመረች። «ሃልቤ የመሬቱን ሽቦ ፈቱ፣ ሙግዳ ሌላውን ሽቦ አላጠበቀችም። ከሙግዳ እንነሣ። ሙግዳ፣ ሣጥኑን የዘጋሽው መቼ ነው?»

«በበዓሉ ዋዜማ። ከዚያ አልከፈትኩትም።»

«መሣሪያዎቹ ኩምኩም የተቀቡት በማግስቱ ጠዋት ነው። ሦስቱም ብሎኖች ላይ ኩምኩም አለ። ካቻቢቴው ኩምኩም ከተቀባ በኋላ ነው የፈታቸው። ስለዚህ ያንቺ እስር አልሾለከም፤ አንድ ሰው ፈታው።»

«ሣጥኑም ተቀብቶ ይሆናላ» አለ ኒናድ በለሆሳስ። «በዓል አይደል እንዴ።»

«አልተቀባም። ካካህ ሊቀቡት ሲሉ ሞቱ፤ ሳህኑ ላይ ጣት አላረፈም። ደግሞስ ከሦስቱ ብሎኖች ሁለቱ ከክዳኑ በስተ ውስጥ ናቸው። ማን ነው ሣጥን ከፍቶ ውስጡን የሚቀባ?»

ኒናድ ዓይኑን ከሣጥኑ ላይ አነሣ።

«እሺ፣ ሃልቤ ይሁኑ እንበል። ሃልቤ በዳሰራ ቀን ካቻቢቴ ያነሣሉ?»

ሻራዩ ባይ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «እጁን ቢቆርጡት አያነሣም።»

«ደግሞም አያስፈልጋቸውም ነበር። ጉምጉምታው ቀጭኑ ነው፣ ከካራጅ ክር ጥቂት ከፍ ያለው። እሱ የደካማ ካፓሲተር ነው። ሃልቤ ይህን አውቀው አዲስ ገዝተዋል፤» ወደ ጨርቁ ሄዳ ሰማያዊዎቹን አነሣች፤ «አብረው ባርከዋቸዋል። በማግስቱ ሊቀይሯቸው። በሽታውን አውቀው መድኃኒቱን የገዙ ሰው ለምን የሌላ በሽታ መድኃኒት ይውጣሉ?»

ከዚያ የመሬቱ ሽቦ ለምን መፈታት እንደ ነበረበት ነገረቻቸው። ሽቦው ቢኖር ኤሌክትሪኩ ብረቱን እንደ ነካ ወደ ምድር ወርዶ ፊውዙን ያቃጥለው ነበር፤ ሰው አይሞትም። ገዳዩ ሁለቱንም ማድረግ ነበረበት፤ ሽማግሌው በባዶ እግር፣ በእርጥብ ወለል ላይ፣ በእርጥብ እጅ አበባ እንደሚያደርጉ ያውቃል። የተፈታው ሽቦ ሲታይ ደግሞ ምክንያት ያስፈልገዋል። ጉምጉምታው ምክንያት ሆነለት።

«ያ ምክንያት ግን የሚያታልለው ጉምጉምታ ሁሉ አንድ የሚመስለውን ሰው ብቻ ነው። ሙግዳ እንዲህ አትዋሽም፤ ትለየዋለች። ሻራዩ ባይ አይዋሹም፤ ይለዩታል። ደግሞ ሁለቱ አልተለያዩም። ይህን ውሸት ከመዋሸቱ በፊት ግን ገዳዩ ጠንቃቃ ነበር፤ አዋቂ ጠየቀ። ታምቤ ሳሄብ፣ ያንን ቁጥር ይደውሉልን።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ደወሉ። የኒናድ ኪስ ጮኸ።

ኒናድ ለማጥፋት እጁን ሰደደ፣ ተወው። ጥቂት ጮኸና ዝም አለ።

«ካካ ናቸው ያስጠየቁኝ» አለ።

«መድኃኒቱን የገዙት ሰው?» አለች ካሊንዲ።

ኒናድ ቤቱን ለሕንፃ ሠሪዎች ሸጦ፣ ሣጥኑን በስልክ ውስጥ በሚገባ መተግበሪያ ልተካ ሲል ሃልቤ እኔ ሳልሞት አይሆንም እንዳሉት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ካሊንዲ ይህን መድገም አላስፈለጋትም። ኒናድ ሣጥኑን ሲያይ ቆየ፤ ፊቱ ላይ ከፍርሃት ይልቅ ግራ መጋባት ነበር።

«ለመሆኑ ጉምጉምታ ስንት ዓይነት ነው?» አለ።

ፓቶሌ ክንዱን ይዞ አወጣው።

ካሊንዲ ነገሩ ያለቀ መስሏት ነበር። ሙግዳ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም፤ እጆቿን አሁንም እያየቻቸው ነው።

«ታዲያ ለምን ጠሩኝ?» አለች። «ጥፋቱ የኔ ካልሆነ ለምን ስሜን ጠሩ?»

ታምቤ ከጥጋቸው ተነሥተው መጡ።

«ልጄ፣ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ስም መጥራት አይችልም። አፉም ደረቱም ይቆለፋል። አባትሽ የጠሩሽ ከመንካታቸው በፊት ነው።»

«ከመንካታቸው በፊት ምን ነበር?»

ይህን ካሊንዲ ታውቀው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትዞርበት ያደረችው ነገር ነው።

«ሣጥኑ ከካራጅ በታች ወርዶ አጉረመረመ። ጆሯቸው ሰማው። ነይ ስሚ ሊሉሽ ነው የጠሩሽ፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ የሚገባሽ አንቺ ስለሆንሽ። እጃቸው ግን ከአበባው ጋር ቀድሞ ነበር።»

ሙግዳ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች፤ ሻራዩ ባይ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የሚሰድቡትን ሰው ልጅ እንደ ሕፃን ያባብሏት ጀመር። ካሊንዲ መስኮቱ ጋ ቆማ ወደ ውጭ አየች።

ሲበቃት ሙግዳ ተነሥታ ፊቷን ታጠበች። መበየጃውን ከጨርቁ ላይ አነሣችው፤ አበባው ደርቋል። ደካሞቹን ካፓሲተሮች አውጥታ አባቷ የባረኳቸውን ሰማያዊዎቹን በየደችባቸው። የኤሌክትሪኩን ሽቦ ወደ ቦታው መለሰች፣ የመሬቱን ሽቦ አሰረች፣ ብሎኑን ታምቤ በጣታቸው እንዲሞክሩት ሰጠቻቸው። ሞክረው አንገታቸውን ነቀነቁ። ስፒናውን ሰካች።

ከዚያ ማንም ሳይላት የቀኝ እጇን መዳፍ የሣጥኑ ብረት ላይ አሳረፈች። ሙግዳ በግራ እጇ አበራችው።

ሣጥኑ አዜመ። ከሥሩ ምንም አልነበረም፤ ቀጭኑም፣ ወፍራሙም። ሙግዳ እጇን ሳታነሣ ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ሻራዩ ባይ ቆርቆሮ መሆኑን ረስተው ድምፃቸውን ከላዩ አወጡበት። ካሊንዲ ራውት ከግድግዳው ሥር ያለውን የሃልቤን በርጩማ ሳብ አድርጋ ተቀመጠች።